የግራው እጅጌ

ልጅቷ ነገ በጥርስ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ሥራ ልትጀምር ነው። የተሰጣት ጋዋን እጅጌው ከክርን በላይ ነው፤ ወገቡ ስለሰፋት እንዲያጠብቡላት ለአያቷ ትታላቸው ወጣች። አያት ወገቡን አጠበቡ። ከዚያ እጃቸው ዝም ብሎ አልቀመጥ አላቸው። ከአሮጌ አንሶላ ነጭ ጨርቅ ቆረጡና የግራውን እጅጌ ቀጥለው አስረዘሙት።

የልጅቷ ግራ እጅ ከተወለደች ጀምሮ አንጓው ላይ ያበቃል። ከመጀመሪያው የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟ ጀምሮ አያቷ የሰፉላት ልብስ ሁሉ ግራ እጅጌው ከቀኙ አንድ ስንዝር ይረዝማል።

ልጅቷ ስትመለስ ጋዋኑን አንስታ አየችው።

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ብርድ እንዳይመታሽ ብዬ ነዋ።»

«ብርዱ ግራዬን ብቻ ነው የሚያውቀው?»

አያት ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል ዋጥ አደረጉት። «ቀልጂ አንቺ! ካርድ ሊያወጣ የመጣ ሁሉ ሲያፈጥብሽ ታስታውሺኛለሽ።»

«ያፍጥ። ሲሰለቸው ስሙን ይነግረኛል።»

«ቢያባርሩሽስ?»

«ሲቀጥሩኝ አይተውት የለ? ወረቀቱን በዚሁ እጄ ይዤ ፊታቸው ጻፍኩ።» አጠገባቸው ተቀመጠች። «እማማ፣ አንደኛ ክፍል እስክገባ እጄ ምንም አይመስለኝም ነበር እኮ። የሚደበቅ ነገር እንዳለኝ ያወቅሁት እጅጌውን ስታስረዝሚው ነው።»

አያት ክው አሉ። ያ ሁሉ ስፌት! ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ላይ እናቶች ልጆቻቸውን ከእሷ አጠገብ ጎተት ሲያደርጉ ያዩት እሳቸው ናቸው፤ እሷ አላየችም። እንዳታይ ብለው ነበር የሰፉት። ታዲያ ማን ነው የጎዳት፣ እናቶቹ ወይስ የሳቸው መርፌ? ባይሸፍኑላትስ ኖሮ? ነገሩ ዞረባቸው።

«እኔ እኮ...» አሉ አያት።

«አውቃለሁ። ትተረትሪልኛለሽ ወይስ ልተርትረው?»

«አንቺ በአንድ እጅ እንዴት አድርገሽ...» አሉና አፋቸውን ያዙ።

ልጅቷ ጋዋኑን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ባንድ በኩል በግራ አንጓዋ ተጫነችው፤ በሌላው በቀኟ ወጠረችላቸው። አያት ምላጩን አነሱ። ጨርቁ ንቅንቅ አላለም። አንድ ክር በጠሱ፣ ሌላም በጠሱ፣ ከዚያ ቀና አሉ።

«ሰው ምን ሆና ነው ቢለኝ ምን ልበል?»

«እስከ ዛሬ ምን ትያቸው ነበር?»

አሰቡ። እስከ ዛሬ ማንም እንዲጠይቃቸው ፋታ ሰጥተው አያውቁም። ሦስተኛውን ክር በምላጩ ጫፍ መፈለግ ጀመሩ።