የታጠበው ግድግዳ

ልብስ አጣቢዋ ቤቷን ማጽዳት አልነበረባትም። ጥፋቱ ይኸው ነው። ጎርፉ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ የሰፈሩ ሰው ገና እጁን አጣምሮ ጭቃውን ሲያይ፣ እሷ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ፈተገችው። ሃያ ዓመት የሰው እድፍ ስታስለቅቅ የኖረች ሴት በገዛ ቤቷ እድፍ ውስጥ ማደር አልሆነላትም።

ጎረቤቷ ዳቦ ሻጯ ሳትነግራት አልቀረችም። የልጅ ልጇን አዝላ ደጃፉ ላይ ቆመችና፣ «ኧረ አንቺ ሴት፣ ተይው!» አለቻት። «ከቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ ሊመጣ ነው ተብሏል። መጥተው ምን ይዩ? ጥርስሽን?»

«ሲመጡ እነግራቸዋለኋ።»

«እነሱ በጆሮ አያምኑም እህቴ።»

«እንግዲህ እናቴን ጭቃ ውስጥ አላስተኛም» ብላ መፈተጓን ቀጠለች።

እናትየው እግራቸው ከከዳቸው አራት ዓመት አልፏል። ውሃው ደረት ድረስ በሞላ ቀን ዳቦ ሻጯ ናት ገብታ እንደ ጆንያ ተሸክማ ያወጣቻቸው፤ ልጃቸው ያን ሰዓት ሰው ቤት ልብስ ታጥብ ነበር። ፍራሹ ግን አልተረፈም። አብጦ፣ ገምቶ፣ ተጎትቶ ተጣለ። አሁን አሮጊቷ ሲሚንቶ ላይ በተነጠፈ ካርቶን ነው የሚተኙት። ጀርባቸው መቁሰል ጀምሯል። ልብስ አጣቢዋ ጠዋት ጠዋት ስታገላብጣቸው ካርቶኑ ከቆዳቸው ጋር ይነሳል። ከዓለም ሁሉ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፦ አንድ ደረቅ ፍራሽ።

ኮሚቴው በማግስቱ መጣ። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ሜትር ከኪሳቸው ስለማይጠፋ ሰፈሩ ከጀርባቸው «ጋሽ ሜትር» ይላቸዋል። ለእርዳታ የተገኘው ፍራሽ አርባ፣ ጎርፍ የገባበት ቤት ግን ከመቶ በላይ ስለሆነ አንድ ደንብ አወጡ፦ ግድግዳው ላይ የጭቃው ምልክት ከጉልበት በላይ ከሆነ ፍራሽ፣ ካልሆነ የለም። ሜትሩን ከወለሉ ይዘረጋሉ፣ ቁጥሩን ይጠራሉ፣ አብረዋቸው ያሉት ሴትዮ ይጽፋሉ።

ልብስ አጣቢዋ ቤት ሲገቡ ሜትሩን ከፈቱና መልሰው ጠቀለሉት።

«ይሄ ቤትማ ከኔም ቤት ይነጻል!» አሉ። ጸሐፊዋ ሴትዮ ሳቁ።

«እዚህ ድረስ ነበር ጋሼ» አለች እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ።

«ልጄ፣ እኔ የምለካው ያለውን ነው። ነበርን የሚለካ ሜትር የለኝም።»

«እናቴን ይዩዋት እንግዲህ፣ ካርቶን ላይ ናት።»

ጋሽ ሜትር አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዩ። «እናትሽ ከጎርፉ በፊትም ተኝተው ነበር» አሉና ወጡ።

ጎረቤት ዘንድ ሲገቡ ተከተለቻቸው። የዳቦ ሻጯ ቤት ስድስት ደረጃ ከፍ ያለ ነው፤ ውሃው ቁርጭምጭሚት እንኳ በቅጡ አላለፈም። ግድግዳው ግን እስከ ወገብ ጭቃ ነው። ልብስ አጣቢዋ አንድ ጊዜ አይታ ገባት። ውሃ የተወው እድፍ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው፤ ይሄኛው ግን የጣት መስመር አለው። ዳቦ ሻጯ ዓይኗን በጨው አጥባ ቆማለች። ጋሽ ሜትር ለኩ፦ «ዘጠና ሁለት።» ተጻፈ። ልብስ አጣቢዋ ምላሷን ነከሰች። እናቷን በጀርባዋ ያወጣችላትን ሴት ምን ልትላት ትችላለች?

ቅዳሜ ረፋድ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ፍራሾቹ በላስቲክ እንደተጠቀለሉ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ጸሎት ተደረገ፣ ረጅም ጸሎት፤ ከዚያ ስም ተጠራ። ልብስ አጣቢዋ ስሟ እንደሌለ እያወቀች እስከ መጨረሻው ቆመች። ሰው ቢቀር፣ ቁጥር ቢሳሳት ብላ ነው። ማንም አልቀረም። አርባው ሲሞላ ወደ ጠረጴዛው ሄደች።

«ጋሼ፣ በእናትዎ ይሁንብዎ። ለኔ አይደለም። ጀርባዋ ተልጦ አልቋል።»

«ልቤ እኮ ካንቺ ጋር ነው» አሉ ወረቀታቸውን እያስተካከሉ። «ግን አርባ ማለት አርባ ነው። ካርባው አንዱ ካልወደቀ ከየት ላምጣው?»

«አንዱ ቢወድቅስ?»

«ያኔ እናያለን።»

ዞር ብላ አየች። ዳቦ ሻጯ በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ጋሪ ትጠብቃለች። ፍራሿን ጉልበቷ ላይ አጋድማ፣ ሕፃኗን ላዩ ላይ አስተኝታታለች።

«የሷ ግድግዳ የእጅ ሥራ ነው» አለች ልብስ አጣቢዋ። ድምፅዋ ከፈለገችው በላይ ወጣ። «ውሃው እዚያ አልደረሰም። በእጇ ነው የለቀለቀችው። ሄዳችሁ እዩት፣ ጣቷ ይታያል።»

ጋሽ ሜትር መነጽራቸውን አወለቁ። «እውነት ነው?»

ዳቦ ሻጯ አልካደችም። «ቁርጭምጭሚት ድረስ ነው የገባው። ግን አልጋ የለኝም፣ ፍራሼ መሬት ላይ ነበር። መሬት ላይ ላለ ፍራሽ ጉልበት ድረስ ምን ያደርግለታል? እኩል ነው የበሰበሰው።»

«ደንቡ ስለ ግድግዳ እንጂ ስለ ፍራሽ አይልም።»

«አውቃለሁ። ለዚያ እኮ ነው ግድግዳውን የቀባሁት።»

አንዲት ሴት ከኋላ ሳቋ አመለጣት፣ ወዲያው አፏን ያዘች። ሁለት ጎልማሶች መጡና ፍራሹን ወሰዱት። ዳቦ ሻጯ ሕፃኗን አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። ማንንም አላየችም።

ጋሽ ሜትር ስሟን ሰርዘው ሌላ ወረቀት ገለጡ። «ተጠባባቂ አንደኛ» ብለው የጸሐፊዋን ሴትዮ የአክስት ልጅ ስም ጠሩ።

ልብስ አጣቢዋ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች። «ጋሼ! እኔስ?»

«አንቺ ምን?»

«እናያለን ብለውኛል!»

«አየን እኮ። ተጠባባቂም ውስጥ የለሽም። ያልተለካ ቤት በየት በኩል ይገባል?» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፦ «ግን እውነቱን ስለተናገርሽ ተባረኪ። እንዳንቺ ያለ ሰው ያስፈልገናል። ለማንኛውም ምልክት ለሌላቸው ሳሙና አለ።»

ጸሐፊዋ ሴትዮ ሁለት ሙዳ ሳሙና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ልብስ አጣቢዋ ባትወስደው ደስ ይላት ነበር። ግን ሰኞ የምታጥበው የሰው ልብስ አለ። ወሰደችው።

ወደ በሩ ስትሄድ ሰው መንገድ ለቀቀላት፣ እንደ ተላላፊ በሽተኛ። አግዳሚው አጠገብ ስትደርስ ቆመች።

«ስትወጪ በሩን ዝጊው» አለች ዳቦ ሻጯ ቀና ሳትል፣ የሕፃኗን እግር በነጠላዋ ጫፍ እየጠቀለለች። «ብርድ ይገባል።»

ወጣች፤ በሩንም ዘጋችው።