የእንጦጦ መንገዶች የት ገቡ?

እንጦጦ ላይ ኢንተርኔት የጠፋው ረፋዱ ላይ ነው። ሰማዩ ጠቁሮ ነፋሱ ባሕር ዛፉን ያጎብጠው ስለነበር አለቃችን አቶ ይድነቃቸው ብዙ አላሰቡም። «ነፋሱ አንቴናውን አዙሮታል፤ ጠሀ ወጥቶ ያስተካክል» አሉ። ጠሀ ቴክኒሻናችን ነው። ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ካለው ታወራችን ሥር ሆኖ ትእዛዙን በስልክ ሰማና ቀበቶውን ማሰር ጀመረ።

እኔ ሩሃማ እባላለሁ፤ ሲ.ኤም.ሲ ባለው የኢንተርኔት አቅራቢ ድርጅታችን ቢሮ ዋናውን ራውተር፣ መረጃውን ወደየሰፈሩ የሚመራውን መሣሪያ፣ የምጠብቅ ኢንጂነር ነኝ። ግትር ነሽ ሲሉኝ አይከፋኝም። ያን ቀን ደግሞ በቂ ምክንያት ነበረኝ። ነጎድጓድ እያጉረመረመ ሰው ብረት ላይ አይሰቀልም፤ ይህን ለማወቅ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም።

«ጋሼ፣ የእንጦጦው ራውተር ስጠራው ይመልስልኛል» አልኳቸው። «አንቴናው ዞሮ ቢሆን እንዴት ይመልሳል?»

«ነፋሱ ጋብ ሲል ነዋ የሚመልስልሽ። የእንጦጦው ጤና ጣቢያ ስልኬን ሊያቃጥለው ነው፤ ቁጭ ብዬ ልፈላሰፍ?»

«ትንሽ ጠብቅ ይበሉት።»

«አልልም።»

ራሴ ደወልኩለት። «ጠሀ፣ አትውጣ። ችግሩ ሌላ ነው።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«ገና አላገኘሁትም።»

ሳቀ። «ሩሁ፣ ጋሼ ውጣ ካሉኝ ባላገኘሽው ነገር እንዴት እቀራለሁ? ቶሎ ፈልጊ በይ።»

የተናደድኩት እውነቱን ስለነበረ ነው።

እኛ ዘንድ መረጃው ወደ ደንበኛ በሚሄድበት በእያንዳንዱ መንገድ ላይ የሰፈሩ ቁጥር ይለጠፍበታል። ኮሚኒቲ እንለዋለን። ቁጥሩ የወረዳው ቁጥር ነው፤ ራውተሩን «የዚህን ወረዳ መንገዶች አሳየኝ» ካሉት ይዘረዝራል። የእንጦጦን ጠየቅሁት። ባዶ። አንዲት መስመር እንኳ የለም። ራውተሩ እዚያ ማዶ በሕይወት እያለ መንገዶቹ የት ገቡ? የሌሎቹን ሰፈሮች በየተራ መጠየቅ ጀመርኩ። የሲ.ኤም.ሲ ልክ ነው። ወሰን የሚባለውን ሰፈር ስከፍት የእንጦጦው ጤና ጣቢያ አድራሻ እዚያ ካሉት ደንበኞቻችን ጋራዦች አድራሻ መሀል ተጎልቶ አገኘሁት። የእንጦጦው ትምህርት ቤትም እዚያው ነበር። የወሰንን ቁጥር የያዘውን ሁሉ ደግሞ በዚያው ረፋድ ለጥገና ብለን ራሳችን ዘግተነዋል።

«ጋሼ፣ ይምጡና ይዩ።»

መጡ። ባለፈው ሰሞን የእንጦጦውን ራውተር የቀየሩት እሳቸው ነበሩ። መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን አዩ። ተወልደው ያደጉት እዚያው ኪዳነ ምሕረት ሥር ነው።

«ይሄ የቀበሌያችን ቁጥር ነው» አሉ ቀስ ብለው። «የድሮው። መታወቂያዬ ላይ የነበረው።»

ቀበሌ ከቀረ ስንት ዘመኑ። እጃቸው ግን ሰፈሩን በሚያውቀው ቁጥር ጻፈው፤ ያ ቁጥር ዛሬ የወሰን ወረዳ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ነጎድጓዱ መስኮቱን ሲያንቀጠቅጠው ዋጥኩት።

«እርስዎ ያስተካክሉት፣ እኔ ልደውልለት» አልኩ።

«አይ፣ አንቺ አስተካክዪው። የላክሁት እኔ ነኝ፣ እኔ ልደውልለት።»

ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፤ አልተነሳም። እጁ ብረት ላይ ነው ማለት ነው። ቁጥሩን ለውጬ የእንጦጦን መንገዶች እንደገና ብጠይቅ ተዘረዘሩ። ጤና ጣቢያው ደውሎ «መጣልን» አለን። ማን ደስ ይበለው? አቶ ይድነቃቸው ቆመው ይደውላሉ፣ ይደውላሉ። በስንት መከራ ጠሀ አነሳ። ከድምፁ ነፋሱ ይበልጥ ነበር።

«ግማሽ ደርሻለሁ ጋሼ። ትንሽ ነው የቀረኝ፣ ልጨርሰው።»

«ውረድ ልጄ። አንቴናው ደህና ነው፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እስክትወርድ ስልኩን እንዳትዘጋው።»

ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ድምፁን ከፍ አደረጉት። ጫማው በብረቱ ላይ ሲወርድ ይሰማናል። አንዳንዴ ይቆማል። ፈርቼ ነበር፤ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

«መሬት ነኝ» አለ ጠሀ። ቀጥሎም፣ «ጋሼ፣ እሷ እኮ አትውጣ ብላኝ ነበር።»

አቶ ይድነቃቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«አውቃለሁ» አሉት። «ከእንግዲህ እሷ አትውጣ ካለችህ፣ እኔ ውጣ ብልህም እንዳትወጣ።»