የጥርስ ሠሪው ተዋጊ አውሮፕላን

ሰውዬው ሰው ሠራሽ ጥርስ ሠሪ ነው። ዝንብ እንኳ ቤት ከገባች መስኮት ከፍቶ ይሸኛታል እንጂ አይገድላትም። ሳሎኑ ውስጥ የጦር አውሮፕላን የሠራው እንግዲህ እሱ ነው።

አሻንጉሊት ብሎ የሚንቅ ካለ ክንፉን ይለካ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሦስት ሜትር ነው። በቤንዚን የሚሠራ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር አለው፤ የሚበረውም ከመሬት ሆነው በሪሞት ሲመሩት ነው። አራት ዓመት ሙሉ ስስ እንጨት እየቆረጠ በኮላ አጣበቀ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ፣ ጨርቅ አለበሰ፣ ቀለም ቀባ። ክንድ ለሚያህለው አሻንጉሊት አብራሪ ደግሞ ሙሉ ጥርስ ሠራለት። የአብራሪው አፍ ግጥም ያለ ስለሆነ ጥርሱን እስከ ዛሬ ያየው የለም።

የአውሮፕላኑ ሆድ የምግብ ጠረጴዛውን ስለያዘ ሚስቱ ራቷን ወጥ ቤት ቆማ መብላት ለመደች። የሂሳብ አስተማሪ ናት።

«ይሄ ነገር የሚበረው መቼ ነው?» ትለዋለች።

«ትንሽ ቀርቶታል።»

«አምናም ትንሽ ነበር የቀረው።»

«አሁን ከዚያም አንሷል።»

እውነቱን ለመናገር የቀረ ነገር አልነበረም። ሰውዬው ፈርቷል። ማብረር የሚያለማምድ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ገዝቶ በመጀመሪያው ቀን አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ከሰከሰ፤ ከዚያ ወዲያ ዘወር ብሎም አላየው። ሚስቱ ግን ባሏን የነጠቃት ነገር ምን እንደሆነ ለማየት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከፈተችው። የክረምት እረፍቷን በሙሉ እዚያው ላይ ጨረሰች። አራት ዓመት ስትረግመው የኖረችውን ነገር ወደድኩት ማለት አፍሯት ለማንም አልተናገረችም።

በመጨረሻ ታላቅ ወንድሟ ለጥየቃ መጣ። የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ ነበር፤ ጡረታ ከወጣም በኋላ ሁሉም ሻለቃ ይለዋል። አውሮፕላኑን ዞር ዞር ብሎ አየና ሳቀ።

«እኔ እያለሁ ይሄ እዚህ ይቀመጣል? የእውነተኛውን አብርሬ የለ እንዴ?»

ጥርስ ሠሪው ሳይወድ በግዱ እሺ አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱም ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ ሜዳ ሄዱ። ሻለቃው ሪሞቱን ያዘ። ሞተሩ ተነሳ፤ አውሮፕላኑ ሣሩን እየላጨ ሮጠና ብድግ አለ። ጥርስ ሠሪው ከመኪናው በር ኋላ ቆሞ በጣቶቹ መሀል ያያል። እየራቀ ሲሄድ ሁሉ ነገር ሰላም ነበር። ዞሮ ወደነሱ ሲመጣ ግን ሻለቃው ወደ ግራ ሲለው ወደ ቀኝ አጋደለ።

«ወደ ግራ እኮ ነው ያልኩህ» አለው ሻለቃው አውሮፕላኑን፣ እንደ ምልምል ወታደር።

አውሮፕላኑ አፍንጫውን ደፍቶ ቁልቁል ተያያዘው።

«ጋሼ፣ አንተ የለመድከው ውስጡ ተቀምጠህ ነው። ፊቱን ወደኛ ሲያዞር ግራው ቀኝ ይሆናል። ወደ ቀኝ በለው» አለች እህቱ። መልስ ሳትጠብቅ ሪሞቱን ከእጁ ወሰደች። አውሮፕላኑን ቀና አደረገችው፤ ሜዳውን ሁለት ጊዜ አዞረችውና ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙራ አሳረፈችው። አንዴ ነጠር ብሎ ቆመ።

ጥርስ ሠሪው ከመኪናው በር ኋላ ወጣ።

«ከየት ተማርሽው?» አላት ባሏ።

«አንተ ከተውክበት ቀጠልኩ።»

«ነፋሱ ነው» አለ ሻለቃው ለራሱ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አብራሪዋ እሷ ናት። ባሏ ቤንዚን ይሞላል፣ ብሎን ያጠብቃል፣ የተረጨውን ዘይት ይጠርጋል። «ነፋሱ በረታ፣ ዛሬ እንኳ ይረፍ» እያለ ይለማመጣታል፤ አትሰማውም። ባለፈው ቅዳሜ ግን ስትጨርስ እጇን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋ «ክንፉን እንዲህ ቀጥ አድርገህ ባትሠራው ኖሮ አልመልሰውም ነበር» አለችው። እሱም የሚጠርግበትን ጨርቅ አነሳ። በአራት ዓመት ውስጥ ስለ አውሮፕላኑ ከአፏ የወጣ የመጀመሪያው ደግ ቃል ነበርና የጠረገውን ክንፍ እንደገና መጥረግ ጀመረ።