ጥገኛ ቤት

...እናቴ ይለኛል ደግሞ፣ እናቴ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ፣ ወልጄህ አላውቅም፣ የአንተን እናት ሂድና ቤቷ ፈልጋት፣ እኔ የቆምኩት በገዛ ደጄ ላይ ነው፣ በገዛ ደጄ ላይ ቆሜ ለማንም ፈቀቅ አልልም፣ ፈቀቅ አልኩ። ምን ላድርግ፣ ማዘጋጃ ቤት የላከው ሰው ነው፣ እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰክቶ የብረት ሜትሩን ከአጥሩ እስከ ግድግዳዬ ይዘረጋል፣ ይጎነበሳል፣ ያያል፣ ይነሣል፣ ደግሞ ይጎነበሳል፣ ሁለቴ የሚለካ ሰው ደህና ነገር አላየም፣ ልብስ ሰፊ ነኝ አውቃለሁ፣ እኔም የሰው ወገብ ሁለቴ የምለካው ጨርቁ እንደማይበቃኝ ሲገባኝ ነው።

መቶ አርባ ስድስት ይላል፣ የሚለው ለእኔ አይደለም፣ ለወንድሜ ነው፣ ባለይዞታው እሱ ነዋ፣ እኔ ከጓሮ የተቀመጥኩ ዕቃ ነኝ። አራት ሳንቲ ሜትር ይጎድላል ጌታዬ፣ ደንቡ ግልጽ ነው፣ በአንድ ይዞታ ላይ ከዋናው ቤት በተጨማሪ የሚሠራ ጥገኛ ቤት ከወሰን አጥር ከአንድ ሜትር ከሃምሳ ባላነሰ ይርቃል፣ የራሱ የመንገድ በር አይኖረውም፣ የራሱ ቆጣሪ አይኖረውም፣ ከዋናው ቤት ከፍታ አይበልጥም፣ በአጭሩ አንገቱን ደፍቶ ይኑር ነው የሚለው። አራት ሳንቲ፣ አራት ሳንቲ እኮ እኔ ገበር ውስጥ አጥፌ የምሰውራት ናት፣ የሙሽራ ቀሚስ ላይ ስንት አራት ሳንቲ ቀብሬ አሳልፌያለሁ፣ ማንም ጫፏን ሳያያት። ግድግዳ ግን አይተረተርም። በሠላሳ ቀን ውስጥ ካልተስተካከለ ይፈርሳል ይላል ሰውየው፣ ድምፁም አይቀየር፣ ይፈርሳል፣ ደግሞ ምራቁን ዋጥ ያደርጋል፣ ያ ከአጥር ማዶ ያለው ጡረተኛ ይኸኔ ጆሮውን ቆርቆሮው ላይ ለጥፎ ይስቃል፣ መስኮቷ ግቢዬን ያያል ብሎ ያመለከተው እሱ ነው፣ ምን አለህና ነው የማይህ፣ የተሰጣ ካልሲህን ልይ።

ጥገኛ ቤት። ሰው ሁሉ ሰርቪስ ነው የሚለው፣ ሰርቪስ ቢሉት ምን ነበረበት፣ የትኛው የቢሮ አይጥ ነው ቁጭ ብሎ ጥገኛ የምትለዋን የመረጣት፣ ልጅ ሆኜ ሳይንስ ክፍል ጥገኛ ሲባል የሰማሁት ስለ ሆድ ትል ነው፣ መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሥሎት ነበር፣ አፍ ብቻ ያለው ነገር። ይኸው ዕድሜ ሰጥቶኝ ቤቴ ትል ተባለ። ቤቱስ ይባል፣ ጆሮ የለውም፣ ፎርሙ ላይ ያለው ግን ቤቱ ብቻ አይደለም፣ የጥገኛው ስም ይላል፣ ነጥብ ነጥብ ነጥብ፣ የጥገኛው ፊርማ ይላል፣ ከሦስት ቀን በፊት የወንድሜ ሚስት ይዛልኝ መጣች፣ እትዬ እዚህች ጋ ብቻ ፈርሚልን፣ በሁለት ጣቷ ይዛ፣ ባለይዞታው የሚጦረው ጥገኛ የሚኖርበት ከሆነ የርቀት ጉድለት ቢገኝም ይታለፋል ይላል። የሚጦረው! ማን ነው ጧሪ? እዚያች ቃል ላይ ስደርስ ዓይኔ ጠቆረ፣ ከዚያ በታች አላነበብኩም፣ ውሰጂልኝ አልኳት፣ ውሰጂልኝ ስል መቀሱ እጄ ላይ ነበር፣ ወስዳ ሮጠች።

ባጎረስኩ ተነከስኩ ማለት ይኸ ነው። እናታችን ስትሞት ወንድሜ ማሙሽ ገና ዳዴ ይል ነበር፣ እኔ ዐሥራ ስድስተኛዬን ይዣለሁ፣ በጀርባዬ አዝዬው የስፌት መኪና ፔዳል ረግጫለሁ፣ የመኪናው ድምፅ ነው ያስተኛው፣ መኪናው ዝም ሲል ይነቃብኛል፣ እየሰፋሁ አሳደግሁት፣ እየሰፋሁ አስተማርኩት፣ መሬት ሲሰጥ ደግሞ ለባለትዳር ብቻ ነው ተባለ፣ እኔ የት አባቴ ባል ላምጣ፣ በእሱ ስም ይሁን፣ ያው ነው አልኩ፣ ያው ነው! አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፣ ይኸው እሱ በአርባ ሦስት ዓመቱ ራሱ ተመለጠ፣ የእኔም አፍ እንዳመለጠ ቀረ። ዋናውን ቤት ያቆመው የእኔ እግር ነው፣ ልጆች ሲወለዱ ጠበበን፣ ከኋላ አንድ ክፍል ከነማድቤቱ ልቀልስ ያልኩትም እኔ ነኝ፣ ማንም አላባረረኝም፣ አትውጪ ብሎም ማንም አልከለከለኝም፣ ይኼኛው ነው የሚያንገበግበኝ።

አሁን ተመልከቱት፣ መላጣውን እያሻሸ፣ የለካሁት እኔ ነኝ ይላል ለሰውየው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እህ ሰማችሁ፣ ራሱ አመነ! እሱ ነው የለካው፣ በእኔ ሜትር፣ የእኔ ሜትር ደግሞ ከአራት ነው የሚጀምረው፣ ጫፏ ላይ ያለችው ቆርቆሮ ወልቃ ጨርቁ ሲተለተልብኝ በመቀስ ቆርጬ ጣልኩት፣ ማሙሽ ሁለተኛ ክፍል ነበር፣ ከዚያ ወዲህ በእኔ ቤት አራት ማለት ዜሮ ነው፣ ደንበኛ የማያውቀውን እሱ ያውቃል፣ እንዲያውም አንድ ቀን ትምህርት ቤት በደህና ማስመሪያ ከአራት ጀምሮ ለክቶ ሁሉንም ተሳስቶ እያለቀሰ መጣ፣ እታለም ከአራት ነው ያልሽው አለኝ፣ ሳቅሁበት፣ እንዴት እንደሳቅሁበት። እና ይኼ ሰው ነው አጥሩ ላይ ጫፉን ይዞ አራት ሳንቲ ያስበላኝ፣ ሆን ብሎ ነው፣ ወይም ሚስቱ ናት፣ ቤቱ የተለካ ቀን በረንዳው ላይ ቆማ ወደ አጥሩ ጠጋ ቢል እኮ ልብስ ማስጫ ይተርፈናል ስትል ነበር፣ እንዴት ነደደኝ፣ ጠጋ ቢል ትለኛለች፣ ልብሷን እኔ ላይ ልታሰጣ፣ ዞሬ ላያት አልፈለግሁም፣ ፊቴን ወደ አጥሩ አድርጌ፣ ሜትሩን በአውራ ጣቴ ቆርቆሮው ላይ ተጭኜ...

በአውራ ጣቴ።

ቆይ። ፊቴ ወደ አጥሩ ነበር። አጥሩ ጋ የነበርኩት እኔ ነኝ፣ እሱ ወዲያ ግድግዳው በሚቆምበት በኩል ነው፣ ችካልና መዶሻ ይዞ፣ ሜትሩ መቶ ሃምሳ ላይ አለቀ እታለም፣ እዚህ ጋ ልምታ? ምታ። የተቆረጠችውን አራት ጨምረሻታል አይደል? አንተ ነህ እኔን ሜትር የምታስተምረኝ፣ ምታው ብዬሃለሁ። መታው። ዐሥር ጊዜ ለክተህ አንዴ ቁረጥ እያልኩ ስንቱን ሥራ ያስለመድኩ ሴትዮ፣ በንዴት አንዴ ለክቼ ቤት ቆረጥኩ። ጠይቆኝ ነበር እኮ። አሁንም አጠገቤ ቆሞ እኔ ነኝ የለካሁት ይላል፣ ዓይኔን አያይም፣ ማን አድርግልኝ አለው፣ ማን ጠበቃ ቀጥሮታል፣ እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁት።

ሰውየው ፎርሙን አምጡት ይላል፣ ማሙሽ ከኪሱ ያወጣል፣ አራት ቦታ ታጥፏል፣ ያው የመለስኩት ነው። እታለም አቦ ዝም ብለሽ ፈርሚ፣ ቃል ነው፣ ቃል አይነክስም። ይነክሳል፣ አንተ ስላልተነከስክ ነው። እንደው ለነገሩ ልንገርዎት ይለዋል ሰውየው፣ በደንቡ ጥገኛ የሚባሉት የባለይዞታው ወላጅና ልጅ ብቻ ናቸው፣ እኅት፣ ወንድም፣ አክስት አይካተቱም፣ እኅት ከሆኑ ፎርሙም አያስፈልገን፣ ይፈርሳል። ይፈርሳል፣ በቃ፣ ለከንቱ ነው ሦስት ቀን አንጀቴ ያረረው፣ መኪናዬን የት ላደርጋት ነው፣ መስኮቱን በእሷ ልክ ነው ያስወጣሁት፣ ብርሃኑ በግራ እጄ በኩል እንዲገባ። ሰውየው ፎርሙን ዘርግቶ ያነባል፣ የጥገኛው ስም፣ ባዶ፣ ፊርማ፣ ባዶ፣ ከባለይዞታው ጋር ያለው ዝምድና፣ እዚህ ተሞልቷል፣ እናት ይላል።

እናት ይላል። አየሁት፣ የማሙሽ ጽሕፈት ነው፣ ያ ፊደሉን ወደ ግራ የሚያጋድልበት፣ ስንት ጊዜ አቃናው ብዬ በማስመሪያ ጣቱን የመታሁበት፣ ከዚያች ከተናደድኩባት ቃል አንድ መስመር ዝቅ ብሎ ሦስት ቀን ሙሉ ተጽፎ ተቀምጧል። እኔ አላነበብኩትም። ሰውየው ቀና ይላል፣ እኔን ያያል፣ እሱን ያያል፣ ግን ጠዋቱን ሙሉ እታለም ሲሉ ሰማሁ ይላል፣ እውነት እናቱ ነዎት? የማሙሽ መላጣ ላቡን አወረደ፣ ደህና ውሸት እንኳን ሳላስተምረው ነው ለካ ያሳደግሁት፣ ሚስቱ በረንዳው ላይ እጇን አፏ ላይ ጭናለች። ምን ይጠይቀኛል ይኼ፣ ማን ነው ታዲያ ያዘለው፣ ማን ነው ኩፍኙን ያስታመመው።

አዎ አልኩት፣ ልጅ ሆኜ ነው ያገኘሁት፣ እናት እንዲለኝ አላስለመድኩትም፣ ይኼ ሁሉ ያበላሸሁትም እኔው ነኝ፣ አጥሩ ጋ የያዝኩትም እኔው ነኝ፣ ጻፍ፣ አምጣ እስክሪብቶህን። ሰውየው ትንሽ ያየኛል፣ ከጆሮው ላይ አውጥቶ ይሰጠኛል፣ ጥገኛ ከምትለዋ አጠገብ ስሜን አሳምሬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ያጥፈዋል፣ ቦርሳው ውስጥ ይከተዋል፣ ሜትሩን ጢር አድርጎ ይሰበስባል፣ ደህና ይዋሉ እናቴ፣ ደህና ዋል። ወደ በሩ ይሄዳል፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ጫማው ውስጥ ጠጠር የገባ ነው የሚመስለው፣ ማሙሽ ዓይኑ ቀልቷል፣ ትንፋሹን እንደ ሕፃን ይስባል፣ እታለም ይላል፣ ጮክ ብሎ፣ እታለም፣

እማዬ በል አንተ ደደብ፣ ሰውየው ገና ከበሩ አልወጣም።