ሱቄን እዪልኝ

ዘይባን ሲያንገበግባት የኖረው የነዒማ ነገር የገንዘቡ አልነበረም። ሰው ሁሉ የገንዘቡ ይመስለዋል። እሷን ያቃጠላት ሌላ ነው፤ ነዒማ መታመሟን ሳትነግራት መሞቷ። ሱቃቸው ጎን ለጎን፣ መሀላቸው አንድ ቆርቆሮ፣ አንዷ ስታስል ሌላዋ «ይማርሽ» የምትልበት ኑሮ። ታዲያ አታት ሆስፒታል እየተመላለሱ «ዕቃ ላመጣ ነው» ብሎ መዋሸት ምን የሚሉት ጉርብትና ነው?

ብድሩን የወሰደችው ነዒማ ናት። ለቡታጅራ ትንንሽ ነጋዴዎች ተብሎ የመጣ ነበር። «መንግሥት ከኋላችሁ ነው፣ አይዟችሁ» አሏቸው በስብሰባው። መንግሥት ከኋላ ይሁን እንጂ ከፊት የሚቆም ዋስ አምጡ ተባለ፤ ዘይባ የቤቷን ካርታ ይዛ ቆመች። ነዒማ በብሩ ሱቋን ባልዲና ጆግ ሞላችው። ከዚያ ባልዲው እየተሸጠ መድኃኒት ሆነ። ባልዲውም አለቀ፣ እሷም አለቀች።

አስከሬኗ ከቤት ሲወጣ ሸኹ «ሐቅ ያላችሁ አውፍ በሏት!» ሲሉ ሴቶቹ ሁሉ «አውፍ ብለናል» አሉ። ዘይባ አፏን ገጥማ ተቀመጠች። ብሩንስ ይቅር ትላለች። ስለ ውሸቱ ግን ማን ጠየቃት?

ከዚያ ወዲህ ቆርቆሮው ይመታል።

ሁለቱ ሴቶች የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው። አንዷ ወጣ ማለት ስትፈልግ ቆርቆሮውን በድንጋይ ሁለቴ ትመታለች፤ «ሱቄን እዪልኝ» ማለት ነው። ሌላዋ አንዴ ትመልሳለች፤ «እሺ»። አሁን ወዲያ ማዶ ሰው የለም፣ በሩ ታሽጓል። ግን በየጠዋቱ፣ ኳ ኳ።

«ቆርቆሮ ፀሐይ ሲያገኘው ይጮኻል» ይላታል ፊት ለፊት የሚሰፋው ሀቢቡ።

«በዝናቡስ ቀን?»

«አይጥ ነዋ።»

«አይጥ ድንጋይ ያነሣል? አንተ ሰውዬ፣ መርፌህን ያዝ!»

ለዓመታት አልመለሰችላትም። ጥርሷን ነክሳ የነዒማን ብድር ወር በወር ከፈለች። ዕዳው ሲያልቅ ትተወኛለች ብላ ነበር። የመጨረሻውን ከፍላ፣ ካርታዋን በጨርቅ ጠቅልላ በተመለሰች ማግስት ሱቋን ከፍታ ጠበቀች።

ኳ ኳ።

ስኳር መስፈሯን ተወች። ለካ ነዒማም የምታንኳኳው ለብሩ አልነበረም።

«ግትር!» ብላ ቆርቆሮው ላይ ጮኸች። «ሞተሽም ግትር!»

ሀቢቡ ከስፌት መኪናው ቀና አለ። «ማንን ነው የምትሰድቢው?»

«ከኔ የባሰችውን።»

በዚያው ሳምንት ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሄዳ የታሸገውን ሱቅ በስሟ ተከራየች። በሩ ሲከፈት ውስጡ አቧራ ብቻ ነው፤ መደርደሪያው አቧራ፣ ሳይሸጥ የቀረው አንድ ሰማያዊ ባልዲ አቧራ። ከቆርቆሮው ሥር የነዒማ ድንጋይ ተቀምጧል።

ድንጋዩ ላይ አቧራ የለም።

«ቢስሚላህ!» አለ በሩ ላይ የቆመው ሀቢቡ። እግሩን አላስገባም።

ዘይባ ጠረገች፣ አዲስ ባልዲ ደረደረች፣ ጥግ ላይ በቀረው የነዒማ በርጩማ ተቀመጠች። «ይኸው፣ እያየሁልሽ ነው» አለች። «ውሸትሽን ግን አልረሳሁም።»

የዙሁር አዛን ሲሰማ ተነሣች። ሁለቱም ሱቅ ክፍት ነው፤ ሁለቱም ውስጥ የሚቀር ሰው የለም።

«ለማን ጥለሽው ነው?» አለ ሀቢቡ።

ዘይባ ድንጋዩን አንሥታ ቆርቆሮውን ሁለቴ መታች። መልሱን ልስማ ብላ አልቆመችም፤ ሻርፗን አስተካክላ ወደ መስጊድ ሄደች።