ጦሟን ያደረች ማሳ

ጂኦግራፊ መማሬን የምረግምበት ቀን ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። መጣ። በአጎቴ በጋሼ ሙላቱ ልጅ፣ በዮሴፍ ሙት ዓመት ማግስት መጣ።

ዮሴፍን አምና ግንቦት ላይ ዋናው መንገድ ላይ መኪና ገጨብን። ከመርሳ ከተማ ዳር ያለችውን ማሳ የሚያርሳት እሱ ነበር። ጋሼ ያን ክረምት፣ "ሙት ዓመቱ ሳይደርስ በሬ አላገባባትም" አሉ። ጎረቤት ቢመክራቸው፣ የነፍስ አባታቸው ቢለምኗቸው፣ ወይ ፍንክች! ዙሪያዋን ማሽላው ሲቆም እሷ ጦሟን አደረች።

ጥቅምት ላይ ለመመረቂያ ጽሑፌ ከወልድያ መጣሁ። ርዕሴ የመርሳ ከተማ መስፋትና የዙሪያው የመሬት አጠቃቀም ነው። የሜትሩን ጫፍ የያዙልኝ ጋሼ ራሳቸው ናቸው። "ልጄ መሬት ስትለካ እዩልኝ!" እያሉ ላላፊ ላግዳሚው ያሳዩኛል። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው።

የዮሴፍ ማሳ ጋ ስንደርስ የሜትሩን ጫፍ እንደያዙ ፊታቸውን አዞሩ። እኔ ቅጹን ሞላሁ። የሚታረስ፣ ግጦሽ፣ መኖሪያ፣ ባዶ ቦታ ይላል ቅጹ። መምህራችን "ያያችሁትን ጻፉ" ብለውናል። እኔ ሞኟ ደግሞ ለዘመዷ አደላች እንዳልባል ፈራሁ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባል የለ? እኔ አሳነስኩ። "ባዶ ቦታ" ብዬ ጻፍኩ። ካርታዬ ጎሽ አስባለኝ፤ የመርሳ ማዘጋጃ ቤት ሰዎች ለከተማው ፕላን ይጠቅማል ሲሉኝ አንዱን ቅጂ በገዛ እጄ አስረከብኳቸው። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

የሙት ዓመቱ ማግስት ጎህ ሲቀድ ጋሼ በሬዎቹን እየነዱ ወጡ፤ የማሽላውን ዘር ተሸክሜ ተከተልኳቸው። ጠምደው እንደጨረሱ ነው ሣሩ ውስጥ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ያየሁት። በአራቱም ማዕዘን ተተክሏል። ጋሼ አንዱን በእግራቸው ነካ አደረጉት።

"ተሳስተው ነው" አሉኝ። "አንቺ የተማርሽው፣ ሂጂና ንገሪልኝ። እኔ በሬዎቹን አልፈታም፤ እዚሁ እጠብቅሻለሁ።"

በባጃጅ መርሳ ገባሁ። ማዘጋጃ ቤቱ ቢሮ ያገኘሁት ልጅ "ቦታው ባዶ ስለሆነ ለመኖሪያ ተመድቧል" አለና ካርታውን ዘረጋልኝ። ግርጌው ላይ ሶስና የሚል ስሜ አለ።

"አንቺ ነሽ እንዴ? ጎበዝ ነሽ እኮ!" አለኝ ከልቡ።

ማሳ ነው፣ ይታረሳል፣ ሐዘን ነው ብዬ ለመንኩት። ፕላኑ ጸድቋል አለኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

ስመለስ በሬዎቹ ቀንበር ተሸክመው ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ጋሼ እንዳዩኝ ከተቀመጡበት ድንጋይ ተነሱ። መዋሸት እችል ነበር።

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ" አልኳቸው። "ባዶ ነው ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ምነው በጮሁብኝ!

"ያየሽውን ነው የጻፍሽው" አሉ። "ጦሟን ያሳደርኳት እኔ፤ አንቺ ምን ታደርጊ።" ቀጠሉና ደግሞ፣ "ግን ልጄ፣ ያ ወረቀት ለምን እንዳልታረሰች የሚጻፍበት ቦታ የለውም ኖሯል?" አሉኝ።

አለው። ከቅጹ ዳር "ምርመራ" የሚል ዓምድ አለ። "ልጃቸው ሞቶባቸው ነው" ብዬ ብጽፍ ይበቃው ነበር። ምንም ሳልጽፍበት አለፍኩት።

"አለው፣ ጋሼ።"

አንገታቸውን ነቀነቁ። ጅራፉን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ ቤት መንገድ ጀመሩ።

"በሬዎቹን ፍቻቸው" አሉኝ፣ ዞር ሳይሉ።