ጥለትና መዝሙር

ባሌ መኩሪያ ሸማኔ ነው። በዚያ በደርግ ዘመን ላፍቶ ውስጥ በእኛ ሰፈር ሌላ ሸማኔ አልነበረም፤ ከቤታችን ቀኑን ሙሉ የሚወጣውን ቋ ቋ የሚል ድምፅ ጎረቤት ሁሉ ለምዶት ነበር። ጸሎት ቤታችን ተዘግቶ ምእመኑ ሲበተን፣ ሽማግሌያችን ጋሽ ወጋየሁ ይህ ድምፅ ትዝ አላቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እነመኩሪያ ቤት እንሰብሰብ፤ እሱ ይሸምን፣ እኛ ከድምፁ ሥር ዝቅ አድርገን እንዘምር አሉ። እኛም ደስ ብሎን ተቀበልን።

ያላሰብነው ነገር ነበር። ነጭ ጋቢ ሲሸመን የሽመና እቃው አያርፍም። ጥለት ሲገባበት ግን ሸማኔው ቆም ይላል፤ ባለቀለሙን ክር በጣቱ እየለቀመ በድሩ መሀል ሲያስገባ ቤቱ ጸጥ ይላል። የእኔ ባል ደግሞ መዝሙር ሲሰማ ጥለት ይመጣበታል። ማንም ያላዘዘው፣ እሱ ራሱ ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቅ ጥለት። በነጭ ይጀምርና መዝሙሩ ሆዱን ሲያባባው እጁ ወደ ቀዩና ወደ አረንጓዴው ክር ይሄዳል። እኛ ድምፃችንን ከፍ የምናደርገውም ልክ እዚያ ላይ ነው።

አንድ ቅዳሜ እንዲሁ እቃው ዝም ሲል መዝሙራችን ብቻውን ወደ ውጭ ወጣ። አብዮት ጠባቂው ዱጉማ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ማነው የሚዘምረው ብሎ ጮኸ። ትንፋሻችንን ዋጥን። መኩሪያ በሐሳብ ከሄደበት ተመለሰና መወርወሪያውን እንደ እብድ ይወረውር ጀመር። ዱጉማ ብዙ አዳመጠ፤ ከሽመና ድምፅ በቀር ሌላ ሲያጣ ሄደ። የጋሽ ወጋየሁ ልጅ ጌቱ ሌላ ቤት ሲጸልይ ተይዞ ከታሰረ ገና ወሩ ነበርና ማናችንም እሰይ አላልንም።

ጋሽ ወጋየሁ መኩሪያን በፍቅር ነው ያናገሩት። ከእንግዲህ በጸሎት ሰዓት ነጭ ብቻ፤ ካልሆነ ጉባኤው ይበተናል፣ የምንሄድበት ሌላ ቤት የለንምና። መኩሪያ እሺ አለ። እሺ ማለት ያውቅበታል። ከዚያ በኋላ ግን ነጩን በሸመነ ቁጥር ፊቱ እየጠቆረ መጣ፤ ምግብ ሳቀርብለት አንድ ሁለቴ ጎርሶ ይተወዋል። ነዘነዝኩት። መነዝነዝ ደግሞ እኔ አውቅበታለሁ።

«እናንተ አፍ አላችሁ፣ አፀድዬ» አለኝ በመጨረሻ። «እኔ እግዚአብሔርን የማመሰግነው በእነዚህ ነው።» ጣቶቹን ዘረጋልኝ።

ሌላ እቃ ግጠምልኝ፣ ድምፁ እንዳይቋረጥ ነጩን እኔ እሸምናለሁ አልኩት። መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ደነገጠ። በእኛ በጋሞ አገር ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፤ ሴት ሽመና ላይ ስትቀመጥ ያየ የለም። ጋሽ ወጋየሁም የዚያው አገር ሰው ናቸውና ሲሰሙ ጢማቸውን ማሻሸት ጀመሩ። ልማድ ነው፣ ሰው ምን ይላል አሉ። እኔ ደግሞ ልማድ ሲሉኝ ደሜ ይፈላል።

«ጋሼ፣ በመልኩ ሲፈጥረን ወንድና ሴት አድርጎ ነው ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት» አልኳቸው። «ታዲያ የሴቷን እጅ የሠራው በማን መልክ ነው?»

ጢማቸውን ለቀቁ። ከዚያ ወደ መኩሪያ ዞር ብለው፣ እግሯ አጭር ስለሆነ ከእቃው ሥር ያለውን የእግር ጉድጓድ ጥልቅ አታድርገው አሉት።

መኩሪያ ከባሕር ዛፍ እንጨት ሁለተኛ እቃ ገጠመ። ቅዳሜ ሲመጣ እኔ ነጩን እደበድባለሁ፤ እሱ ጥጉን ይዞ እንዳሻው ጥለቱን ይለቅማል። ጉባኤው ይዘምራል። ዱጉማ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ እርምጃውን እንኳ አያዘገይም። ጎረቤቴ ሸዋረገድ ብቻ፣ ባልሽ ታሟል እንዴ፣ አመታቱ ተንገዳገደብኝ ብላ ጠየቀችኝ። ድካም ነው አልኳት፤ የማን ድካም እንደሆነ ለመናገር ግን አፈርኩ።

ጋቢው አልቆ ስዘረጋው ጉድ ነው። አንዱ ጫፉ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ፤ መሀሉ ላይ ጣት የሚያሾልክ ቀዳዳ። መኩሪያ አንዲት ክር ከተዛባችበት የቀን ሥራውን የሚፈታ ሰው ነው። አጎንብሶ ጋቢውን ከዳር እስከ ዳር አየው። ፍታው፣ ክሩ እንኳ ይትረፍ አልኩት።

«መልካም ነው» አለ።

«ጠማማ እኮ ነው፣ መኩሪያ።»

«ጠማማ መሆኑን አይቻለሁ» አለ። «መልካም ነው።»

እግዚአብሔር እኛን የሚያየን እንዲህ ከሆነ አልፈራም ብዬ አሰብኩ። መኩሪያ ግን ጋቢዬን ደርቦ፣ ሸማኔ ጓደኞቹ ወደሚሰበሰቡበት ገበያ ወጣ። ማን ሠራው ብሎ ለሳቀበት ሁሉ፣ ሚስቴ ናት ሲል ዋለ።